የከተማውን መሬት የሚያውቁ ለከተማው ምክር ቤት ይምረጡ

ባሕር ዳር ውስጥ ቤት ሠርቶ፣ ሸጦ ወይም አከራይቶ የሚተዳደር ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ደጅ አይጠፋም። አልሚው ለግንባታ ፈቃድ፣ ደላላው ለስም ዝውውር፣ ተቋራጩ ለፕላን ማሻሻያ፣ ገማቹ ለይዞታ ማረጋገጫ ይመላለሳል። ለእነዚህ ባለሙያዎች ያለን ጥሪ አጭር ነው፦ የአካባቢ ምርጫ እንዲካሄድ ጠይቁ፤ ሲካሄድም ተመዝግባችሁ ምረጡ።

የባሕር ዳር ነዋሪ የከተማውን ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጠው በሚያዝያ 2005 ነው። በርካታ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ያልተሳተፉበት፣ ብዙ ሰው እንደ ዋዛ ያለፈው ምርጫ ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተከታዩ የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ ከዚያም እየተገፋ ቀረ። በሰኔ 2013ቱ ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ የአዲስ አበባ ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ፣ የባሕር ዳሩ ግን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ብቻ መርጦ ተመለሰ። በአምስት ዓመት ሊታደስ የሚገባው የከተማ ውክልና በዚህ ሁኔታ ከ10 ዓመት በላይ ሳይታደስ ኖረ።

ጉዳዩ ከቤትና ከመሬት ነጋዴው የዕለት እንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ደንግጓል፤ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ደግሞ የከተማ ቦታ የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ በሚሰጥ ሊዝ ነው። አዋጁን የሚያወጣው ፓርላማው ቢሆንም፣ የትኛው ቦታ መቼ ለጨረታ እንደሚቀርብ፣ መንገድና ውኃ የትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደሚደርሰው፣ የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤቱን ማን እንደሚመራው የሚወሰነው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ፓርላማው በ2017 ያጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ቢሆን በተግባር የሚታየው በከተማ አስተዳደሮች በኩል ነው። ከንቲባው ተጠሪነቱ ለምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱን ያልመረጠ ሰው ከንቲባውን በማን በኩል ሊጠይቅ ነው?

መልሱን ጠዋት ጠዋት በመሬት ቢሮዎች ኮሪደር ላይ እናየዋለን። የካርታና የፕላን ኮፒ በፕላስቲክ ሸፍኖ በብብቱ የያዘ ባለጉዳይ ከመስኮት መስኮት ይዞራል። «ፋይሉ አልወረደም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ሰኞ ተመለስ» ይባላል። ሦስተኛው ሰኞ ላይ «ሰው» መፈለግ ይጀምራል። በዘመድ ወይም በእጅ መንሻ የተገፋ ፋይል ለአንድ ቀን ይፈጥን ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ግን የባሰ ያዘገየዋል፤ ኃላፊው በተቀየረ ማግስትም ሁሉም እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በዘርፉ ያለ ሰው ለዚህ የሚያወጣውን ገንዘብና ጊዜ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መምረጥ የሚጠይቀው ግን ከመታወቂያና ከአንድ ጠዋት ሰልፍ አይበልጥም።

ቤትና የአካባቢ አስተዳደር በአገራችን አብረው የተወለዱ ናቸው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌን የወለደውን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርም ያቋቋመ ነው። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች የሚተዳደሩት በቀበሌ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቤት ያለውም የሌለውም ቀበሌን ሳይረግጥ ኖሮ አያውቅም።

የጣና ዳርቻ ገበሬ ወኪሉን በመምረጥ ረገድ ከከተሜው ይሻላል። በክልሉ የገጠር መሬት አሠራር ይዞታ ሲለካና ክርክር ሲነሳ ቀድሞ የሚቀርበው የቀበሌ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ በነዋሪው የሚመረጥ ነው። እንደ ደቅ ባለ፣ በጀልባ በሚደረስበት ደሴት ላይ የሚያርስ ሰው የማሳውን ድንበር የሚያዩለትን ጎረቤቶቹን ራሱ ይመርጣል። በሚሊዮን ብር ቦታ የሚያገበያየው የባሕር ዳር ደላላ ግን ይህን ያህል እንኳ ድምፅ የለውም።

የሐይቁ ጉዳይ ራሱ ይህን ውክልና ይፈልጋል። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት የብዙ ዓይን አርፎበታል። ከሐይቁ ዳር ስንት ሜትር ይከለል? ከተማው ሲሰፋ ለሚነሣው ገበሬ ካሳውና ምትክ ቦታው በጊዜ ይሰጠው ይሆን? እነዚህ ጥያቄዎች ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት ውስጥ በግልጽ ካልተመከረባቸው የሚወሰኑት በዝግ በር ነው። የባለሙያው ድምፅ ለኪሱ ብቻ የሚሰጥ እንዳይሆንም አደራ እንላለን፤ ዛሬ ዳርቻውን ሸጦ የጨረሰ አልሚ ነገ በጣና ስም የሚሸጠው ቤት አይኖረውም።

የባለሙያ ድምፅ ምን ያህል እንደሚሠራ ከውጭ ምሳሌ እንውሰድ። በአሜሪካ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ቅድመ ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። በ1908 በፈረንጆች አቆጣጠር የተመሠረተው የቤት ሽያጭ ወኪሎች ብሔራዊ ማኅበር በአንጻሩ አባላቱ ድምፅ እንዲሰጡ ይቀሰቅሳል፤ ጥቂት ሰው በሚወጣበት ምርጫ የተደራጀ ሙያ ድምፁ ጎልቶ እንደሚሰማ ያውቃልና። በእኛ አገር ይህን የሚመስለው፣ ብዙዎች የሚንቁት የቀበሌና የከተማ ምርጫ ነው። ዓይናችንን አራት ኪሎ ላይ ተክለን ሰፈራችንን ከረሳን፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው እንሆናለን።

«ማን እንደሚያሸንፍ ይታወቃል፤ የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ክልሉ ከ2015 ጀምሮ ያለበት ግጭትም ሰውን ከምርጫ ይልቅ ስለ ውሎ መግባቱ እንዲያስብ አድርጎታል። ሰላም በሌለበት፣ አማራጭ ፓርቲ በነጻነት በማይቀሰቅስበት የሚካሄድ ምርጫ ለስም ያህል ብቻ እንደሚሆን እናምናለን። ይህ ግን ምርጫው ይቅር የሚያሰኝ አይደለም፤ በአግባቡ ይካሄድ ብሎ አጥብቆ ለመጠየቅ የሚያበቃ ነው።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ፣ የጸጥታው ሁኔታ በፈቀደባቸው አካባቢዎች የሚጀምር የአካባቢ ምርጫ የጊዜ ሰሌዳ ያውጣ። ዕድሜው 18 የሞላና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ የዘርፉ ባለሙያ ሁሉ ምዝገባው እንደተከፈተ ካርዱን ይውሰድ። አልሚዎች፣ ደላሎችና የቤት ሠሪ ማኅበራት ዕጩዎችን በአዳራሽ ሰብስበው ስለ ሊዝ ጨረታ፣ ስለ ስም ዝውውርና ስለ ሐይቁ ዳርቻ አቋማቸውን በአደባባይ ያስነግሯቸው፤ የተናገሩትንም በጽሑፍ ይያዙባቸው። ለአንድ ክፍል ኪራይ እንኳ ውል ሳይጻፍ ቁልፍ የማያስረክብ ባለሙያ፣ ከተማውን ለሚረከበው ሰው ያለ ውል ሊያስረክብ አይገባም።