ልምምዱ ከምግቡ አይብለጥ

ውዝዋዜ በኢትዮጵያ ከሠርግና ከዓመት በዓል ጭፈራ አልፎ የመድረክ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ያፈራው ቴአትር ቤትና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር የልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን ውዝዋዜ ለመድረክ አብቅተዋል። ሙያውን የሚመኙ ወጣቶችም በየክበቡ ለረጅም ሰዓት ይለማመዳሉ። ይህ ብርቱ ልምምድ በአካላቸው ላይ ስለሚያስከትለው ለውጥ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው።

አጥንት ሕያው አካል ነው። ጫና ሲያርፍበት ይጠነክራል፤ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። እንደ ጉራጌ ጭፈራ ያለ ዝላይ የበዛበት ውዝዋዜ የእግርንና የዳሌን አጥንት ያጠነክራል፣ ጡንቻን ያዳብራል፣ ትርፍ ስብን ይቀንሳል። የሰው አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያገኘው ከሃያ ዓመት ዕድሜ በፊት በመሆኑ ይህ ጥቅም ለወጣቶች ከፍ ያለ ነው።

ይሁን እንጂ ሰውነት የሚገነባው በምግብ ነው። የሚበላው ምግብ ለልምምዱ ካልበቃ ሰውነት ጉልበት ለመቆጠብ ሲል ሌሎች ተግባሮቹን ያዘገያል። በልጃገረዶች ላይ የወር አበባ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፤ አጥንትን የሚጠብቀው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞንም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ አጥንትን ያጠነክር የነበረው ዝላይ ራሱ ይሰነጥቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተመረመሩት 75 የባሌት ተወዛዋዦች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአጥንት ስብራት ደርሶባቸዋል፤ ስብራቱም የወር አበባቸው ዘግይቶ በጀመረው ላይ የመብዛት አዝማሚያ አሳይቷል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2014 የጉልበት እጥረት ወንዶችንም እንደሚጎዳ አስገንዝቧል።

በባሌት ዓለም ብዙዎች ምግብ የሚቀንሱት ቀጭን ሆነው ለመታየት ነው። በሌላ ስፍራ ግን ምግብ የሚያንሰው በችግር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሬፍ አካባቢ ለኤርትራ ስደተኞች እንደ ተመሠረተው እንደ ኡም ጋርጉር ባለ መጠለያ የሚያድግ ወጣት አብዝቶ ቢጨፍር ቀለቡ በዚያው ልክ አይጨምርለትም። አጥንት ደግሞ በፈቃዱ የጾመውንና አጥቶ የተራበውን ለይቶ አያውቅም።

ተወዛዋዥ ቀላል ሊሆን ይገባዋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሰውን ከመሬት የሚያነሣው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻም በረኃብ ይመነምናል። ከዚህም በላይ የሚያስፈልገው ምግብ ከአገር የራቀ አይደለም። ገዳሬፍና ሑመራ የሚታወቁበት ሰሊጥ፣ እንዲሁም ጤፍና ወተት ለአጥንት የሚጠቅመውን ካልሲየም ይሰጣሉ።

ስለዚህ የውዝዋዜ አሠልጣኝ ልምምድ ከማስጀመሩ በፊት ልጆቹ መብላታቸውን ሊጠይቅ፣ በሳምንቱም ውስጥ የዕረፍት ቀን ሊመድብ ይገባዋል። የወር አበባ መቋረጥና የማይለቅ የአጥንት ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ምልክቶች እንጂ የጽናት ማስረጃዎች አይደሉም። ለተራበ ልጅ ከልምምዱ ሰዓት መቀነስ ሙያውን መናቅ ሳይሆን፣ ሙያው የሚቆምበትን አካል መጠበቅ ነው።