ለዒድ ምን እንዳለን ለልጆቻችን እንንገራቸው

ረመዷን ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ሲገባ መስጂዱ በሰው ይሞላል፤ በብዙ ቤት ግን ጨዋታው እየቀነሰ ይሄዳል። አባት የዒዱን ወጪ በሆዱ ያሰላል። እናት የቀረውን እህል በዓይኗ ትለካለች። ልጆች ለጎረቤት ልጅ የተገዛውን ጫማ አይተው ይመጡና የአባታቸውን ፊት ያነባሉ፤ ካነበቡም በኋላ ዝም ይላሉ። ስለ ለይለተል ቀድርና ስለ ኢዕቲካፍ በየዓመቱ እናስተምራለን፤ ተገቢም ነው። ይህ የቤት ውስጥ ዝምታ ግን በኹጥባ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም።

ዛሬ የማነሳው ይህንኑ ነው። ቤቱ ለዒድ ምን ያህል እንዳለው፣ ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ ወላጆች ከዒዱ በፊት ለልጆቻቸው በግልጽ ይንገሯቸው፤ የልጆቹንም ሐሳብ ይጠይቁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዕዳውም፣ ኩርፊያውም፣ አንዳንዴም ልጅ ሳይናገር ከቤት መጥፋቱ የሚጀምረው ግን ይህች ቀላል ነገር ስትቀር ነው።

እኛ ያለንባት ወገዳ የስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ከደቡብ በዓባይ፣ ከምሥራቅ በበሽሎ ሸለቆ የታጠረ፣ መሬቱ የተሸረሸረ፣ የገበሬው ይዞታ የጠበበ አገር ነው። ስማዳም ጋይንትም ሴፍቲኔት ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ስማቸው ከእርዳታ መዝገብ ጋር ተያይዞ የኖረ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ዒድ በጓዳ ያለውን ሁሉ የሚፈትሽ ቀን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው የልጆች ልብስና ጫማ ዋጋው የት እንደደረሰ የሚያውቀው ገበያ የወጣ አባት ነው።

ገበያውን ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ረመዷናችን ከሁዳዴ ጋር እየገጠመ መጥቷል፤ በዚያ ዓመት እንዲያውም ሁለቱም ጾሞች የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። በሁዳዴ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን በግ አይገዛም፣ ዕንቁላልና ቅቤም አይፈልግም። ስለዚህ ለሚገዛ ሰው ወቅቱ ጥሩ ነው። ለሚሸጥ ግን ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ነው። የእኛ ገበሬ ታዲያ ለልጆቹ ልብስ ብሎ ያለችውን አንዲት በግ ጎትቶ ገበያ የሚያወጣው በዚሁ ወቅት ነው። ነጋዴው የበዓል ችኮላውን አይቶ ዋጋ ይሰብርበታል። ከዒድ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቢታገሥ ፋሲካ ይደርሳል፤ ያቺው በግ የተሻለ ዋጋ ታወጣለች። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ታዲያ ለምን ይሸጣል? ልጆቹን ቀና ብሎ አይቶ «ጫማው ለፋሲካ ገበያ ነው» ማለት ስለሚከብደው ነው። ዝምታው ከበጓ ዋጋ ላይ ገንዘብ ይቆርጣል ማለት ነው።

በግ የሌለው ይበደራል። ከዘመድ የተበደረ ዘመድ ያስተዛዝበዋል፤ ዘመድ ያጣው አራጣ ይገባል። ወር ሙሉ ከሐላሉ ምግብ ተከልክሎ ጾሞ፣ የጾሙን መፍቻ በዓል በሪባ ማክበር ምን ይባላል? አላህ በቁርኣኑ ከሪባ ጋር የተዋጋውን ያህል የተዋጋው ኃጢአት ጥቂት ነው። ደግሞም ብዙ ሰው የሚበደርበት ነገር ሸሪዓው ጨርሶ ያላዘዘው ነው። በዒድ አል-ፊጥር እርድ ግዴታ አይደለም። ኡዱሒያ የሚታረደው በዒድ አል-አድሓ፣ ዐረፋ በምንለው በዓል ነው፤ እሱም ለቻለ ሰው። ጎረቤት ቅርጫ ስለገባ እኔም ካልገባሁ ማለት የሰው ይሉኝታ እንጂ የዲን ትእዛዝ አይደለም። ልብስም እንዲሁ ነው። ሱንናው ካለን ሁሉ የተሻለውን አጥቦ መልበስ ነው፤ የተሻለው አምና የተገዛው ከሆነ አምና የተገዛው ይለበሳል።

ይህን ሁሉ ለአባት መንገር ይቻላል። ችግሩ ልጁ ጋ አለመድረሱ ነው። «ልጅ ስለ ገንዘብ ምን ያውቃል? ድኻ መሆኔን ለምን እነግረዋለሁ?» የሚሉኝ አባቶች አሉ። ክብራቸው ይገባኛል። ግን ልጁ ያውቃል። እናቱ ዘይት ከጎረቤት ስትበደር መልእክተኛው እሱ ነበር። ከአባቱ የሚፈልገው የሚያውቀውን ነገር ትርጉም ነው፤ ይህ ችግር የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ቤቱም እንዳልፈረሰ ከአባቱ አፍ መስማት ይፈልጋል። ለአምስት ዓመት ልጅ የአራጣውን ቁጥር ንገሩት አላልኩም። ለእሱ «ዘንድሮ ዳቦ አለን፣ አያትህ ቤት እንሄዳለን፣ አዲስ ልብስ ግን የለም» ይበቃዋል። አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ግን ገንዘቡን በቁጥር ቢሰማ ከአባቱ ጋር ሆኖ ያስባል።

ሌላው የምሰማው ምክንያት ጨዋነት ነው። በእኛ አገር ጨዋ ልጅ የሚባለው አባቱ ፊት የማይናገር ነው። አደብ መልካም ነው፤ አደብና ድዳነት ግን ይለያያሉ። ቁርኣን ውስጥ ያሉትን አባቶች እንመልከት። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ስለ ልጃቸው በሕልማቸው የታዘዙት ትእዛዝ የሚመለስ አልነበረም። ቢሆንም ልጁን አስቀምጠው ያዩትን ነገሩት፤ ከዚያም አንተስ ምን ታያለህ ብለው ጠየቁት። ከዚህ የሚበልጥ ከባድ ነገር ለልጅ የነገረ አባት የት አለ? የዩሱፍ ታሪክ የሚጀምረው ልጅ ሕልሙን ለአባቱ ሲያጫውት ነው፤ ያዕቁብም (ዐ.ሰ.) ሰምተውት ምክር ሰጡት። ሉቅማን ልጁን ሲመክር፣ ኢብራሂም ሲያማክሩ፣ ያዕቁብ ሲመልሱ፣ ኑሕም (ዐ.ሰ.) የጎርፉ ማዕበል መሃል ሆነው እምቢተኛ ልጃቸውን ሲጠሩ፣ አራቱም የተጠቀሙበት ቃል አንድ ነው፤ «ያ ቡነይየ»። ዐረብኛ የቀራ ሰው እንደሚያውቀው ይህ ተራ «ልጄ» አይደለም። የማቆላመጫ ቃል ነው፤ እኛ «ልጅየ» እንደምንለው ያለ። ማዕበል እየመጣ እንኳ ቃሉ አልሻከረም። እኛ ስለ አንድ ጥንድ ጫማ የምንናገርበትን ድምፅ እዚህ ላይ ማስተያየት ነው።

ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) ትንሽ ወፍ የሞተችበትን አቡ ዑመይር የሚባል ሕፃን ስለ ወፉ እያነሱ ያጫውቱት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ለሕፃን ወፉ ትልቅ ጉዳዩ ናትና። ሌላም ሐዲስ አለ፤ ከሁሉ በላይ ለዒድ ሰሞን የሚጠቅመን እሱ ይመስለኛል። አንዲት እናት ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ልትሰጪው አሰብሽ ብለው ጠየቋት። ቴምር አለች። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። እንግዲህ «ለዒድ እገዛልሃለሁ» ብለን ከሻዕባን ጀምሮ ያባበልነውን ልጅ እናስብ። ላያደርገው እያወቀ ተስፋ የሚሰጥ አባት ልጁን ሁለት ነገር ያስተምረዋል፤ መዋሸትን፣ ከዚያም የአባትን ቃል አለማመንን። «አልችልም» የሚለው ቃል ለአፍታ ያስለቅሳል፤ ልጁ ግን ነገ አባቱ «እችላለሁ» ሲለው ያምነዋል።

የእኛን አገር የሚያሳስበው ግን ከልቅሶም ያለፈ ነው። የቤቱን ችግር ከአባቱ አፍ ያልሰማ ልጅ ከደላላ አፍ ይሰማዋል። ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ወጣቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ ሲወርድ የኖረ ነው፤ ሴት ልጆቻችንም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ሥራ ፍለጋ መሄድ ነውር አይደለም። ልብ የሚሰብረው ሌሊት ሳይናገሩ የሚሄዱት ናቸው። ተመልሰው ከመጡት ጋር ስናወራ፣ ማንም ሂድ ብሎ የገፋቸው የለም። እናትና አባት በማታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ገንዘብ ሲጣሉ ሰምተው፣ የሸክሙ ምክንያት እኔ ነኝ ብለው የወሰኑ ናቸው። ዕድሜያቸው አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ነው። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ዋሉ፤ ቀን የሚያናግራቸው አስተማሪ የለም፣ ማታ የሚያናግራቸው አባት ከሌለ ምን ቀረላቸው?

ስለዚህ ንግግሩ መቼ ይሁን? በእኔ ግምት ምርጡ ጊዜ ካፈጠርን በኋላ፣ ለተራዊሕ ከመነሳታችን በፊት ያለችው ሰዓት ናት። ሆድ ጠግቧል፣ ቁጣ በርዷል፣ ቤተሰቡም በአንድ ቦታ ነው። ስልክ ይቀመጥ። መጀመሪያ ግን እናትና አባት ለብቻቸው ይስማሙ። ቁርኣን ሕፃን ጡት ስለማስጣል ሲናገር እንኳ ሁለቱ ወላጆች ተዋደውና ተመካክረው እንዲሆን ይላል፤ ለጡት ምክክር ከታዘዘ ለዒድ ወጪማ እንዴት ይቀራል? አባት ብቻውን ወስኖ እናት ከልጆቹ ጋር አብራ የምትደነግጥበት ቤት አይሁን። ከዚያ ልጆቹ ይጠየቁ። ይህ ያህል ብር አለን፤ ጫማ ይሻላል ወይስ ሸሚዝ? ዘንድሮ ለማን ይገዛ፣ ለከርሞስ ለማን? ዕድል ሲሰጣቸው ልጆች ከእኛ ይልቅ ፍትሐዊ ናቸው። የተሰፋች ቀሚስ ለታናሽ እህት ስትተላለፍ በቁጣ ከመጣል በምክር መሰጠቷ ልዩነት አለው።

በዓሉ የሚደምቅበት ነገር ደግሞ አብዛኛው በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ከዒድ ሶላት በፊት ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቴምር መብላት ሱንና ነው፤ ለአንድ ልጅ ሦስት ፍሬ ትበቃዋለች። ለሶላት በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መንገድ መመለስ ሱንና ነው፤ ልጅን ትከሻ ላይ አድርጎ በማያውቀው መንገድ መመለስ ምን ያስከፍላል? ተክቢራውን አብሮ ማለት፣ የልጃገረዶችን እጅ ሂና መቀባት፣ ድፎ ዳቦ፣ ቀሪቦ፣ ቡና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዒድ ቀን በቤታቸው ልጃገረዶች ሲዘፍኑ እንዲተዉአቸው አዘዋል፤ እኛ ግን ልጅ ጮኸ ብለን የበዓል ቀን እንገርፋለን። ክርስቲያኑ ጎረቤት በሁዳዴ ላይ ስለሆነ ለእሱ ሽሮውና ዳቦው በዘይት ይሠራል፤ ሥጋችን ድሮም ለየብቻ ነው፣ ቡናችን ግን አንድ ነው። ልጆች ይህንን ሲያደርሱ ዒድ እነሱም ያዘጋጁት በዓል ይሆናል።

ወሬም አለ። ሽማግሌ ያለበት ቤት ልጆቹን ሰብስቦ ዒድ የመንግሥት በዓል ሳይሆን በፊት እንዴት ይውል እንደነበር ያጫውታቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ከወገኑ ክርስቲያን ጋር አደባባይ ወጥቶ መብቱን የጠየቀበትን ቀን፣ ከዚያ በኋላ በደርግ ዘመን ሦስቱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓላት መሆናቸውን ይንገሯቸው። የዛሬ ልጅ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት የማይሄደው ለምን እንደሆነ ቢያውቅ በዓሉ በዓይኑ ይከብዳል።

ዘካተል ፊጥርንም ልጆቹ ይስፈሩት። በቤቱ ባለ በእያንዳንዱ ነፍስ፣ ዛሬ በተወለደው ሕፃን ሳይቀር፣ አንድ ቁና የማይሞላ እህል ነው፤ ሷዕ የሚባለው መስፈሪያ መካከለኛ ሰው በሁለት እጁ የሚያፍሰው አራት እፍኝ ነው፣ በኪሎ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ይሆናል። ጤፍም ቢሆን፣ ስንዴም ገብስም ቢሆን፣ የምንበላው እህል ይሁን። አባት እያፈሰ ልጅ ይቁጠር፤ «ይህ ያንተ ነው፣ ይህ የእህትህ ነው» እየተባለ። እኛ ዘንድ አዲስ ጫማ እንደሌለ የተነገረው ልጅ፣ ዱቄት እንኳ የሌለው ቤት እንዳለ በዚያች ማታ በእጁ ይለካዋል። ከዚያ ራሱ ተሸክሞ ያድርሰው። ከዒድ ሶላት በኋላ የተሰጠ እንደ ተራ ሶደቃ ስለሚቆጠር፣ ስፍሩ በዋዜማው ይለቅ፤ ጠዋት ሰው ወደ ሶላት ሳይወጣ እህሉ ከባለቤቱ ደጅ ይድረስ።