ውትወታ ለመለማመድ ኮዬ ፈጬ አይበቃም?

የሰሞኑ ብስጭቴ የመጣው ከአንድ ቲሸርት ነው። ኮዬ ፈጬ የምትኖር የዘመዴ ልጅ፣ የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ፣ ክረምቱን በአንድ ሲቪክ ድርጅት የውትወታ ኢንተርን ሆና እያሳለፈች ነው። እሑድ ቤታቸው ቡና ልጠጣ ብሄድ፣ ደረቱ ላይ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ» የሚል ቲሸርት ለብሳ አገኘኋት። «እስቲ ለማን ድምፅ ሆንሽ?» አልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ እኔማ አቴንዳንስ ነው የማስሞላው» አለችኝ።

የአዳራሽ በር ላይ ተቀምጣ ስምና ፊርማ ታሰበስባለች፤ ባነር ትሰቅላለች፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ፎቶ ታነሳለች። ለዚህም ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሥታ፣ በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ አድርጋ መሀል ከተማ ትገባለች፤ የታክሲው ሒሳብ ከእናቷ ቦርሳ ነው። ያለፈው ሳምንት ስብሰባ ርዕስ ምን ነበር ብትሉ፣ የከተማ ነዋሪዎች የመሠረታዊ አገልግሎት መብት! ይህን ስትነግረኝ እናትየው ጄሪካን አንጠልጥለው ደረጃውን እየወጡ ነበር። እነሱ ፎቅ ላይ ውኃ አይደርስም።

ከእንዲህ ያለ የሆቴል ወርክሾፕ ጋር ያለኝ ጠብ የቆየ ስለሆነ አልዘረዝረውም። ብቻ አበሉን፣ ቡፌውንና «ገንቢ ውይይት ተካሂዷል» የምትለዋን ዜና አስታውሱልኝ።

ይበልጥ የሚያናድደው፣ ስለ መብት የመወትወት ፈቃድ እንደ ዋዛ የተገኘ አለመሆኑ ነው። በዐዋጅ 621/2001 ዘመን ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት የመብትን ጉዳይ መንካት አይችልም ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) እና ለሴቶች በነፃ ጥብቅና ይቆም የነበረው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳቦች ታገዱ። ያ ሕግ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በዐዋጅ 1113/2011 ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 27 ቀን ደግሞ ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ኮዬ ፈጬም በዕጣው ውዝግብ ዜና የሆነችው ያኔ ነው። የመናገር ፈቃዱና የሚነገርለት ችግር በአንድ ዓመት መጡልን። እኛ ግን ፈቃዱን ይዘን ሆቴል ገባን።

ለኢንተርን ትራንስፖርት ለምን አይከፈልም ሲባል፣ አዲሱ ሕግ አስተዳደራዊ ወጪን በ20 በመቶ ገድቦብናል የሚሉ አሉ። ሕጉ በዚህ ስም የሚገድበው የቢሮ ኪራይን፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝንና የመሳሰለውን ነው። ሰፈር ለሰፈር ዞራ አቤቱታ የምታጠናቅር ተማሪ የፕሮጀክቱ ሥራ ራሱ ናት። ለቡፌ የተገኘ ብር ለሀይገር አይጠፋም።

«ተማሪ ምን ያውቃል?» የሚሉም አይጠፉም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው በመምህርነት። በ1967 ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ አሠማራ። ይህንን ሁለተኛውን በናፍቆት አላነሣውም፤ በግድ የሄደው ዘማች ብዙው ዘመቻውን ጥሎ ነው የተመለሰው። የመጀመሪያው ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። ተማሪው ስለማን እንደሚናገር ያውቅ ነበር፤ አብሮት ኖሯላ።

እንዲያውም ነገሩን ሳሰላስል፣ ድርጅቱስ ለምን አስፈለገ አልኩ። የኮንዶሚኒየም ቤት ባለቤቶች ማኅበር በዐዋጅ 370/1995 ሕጋዊ ሰውነት ተሰጥቶታል። ሊከስ፣ ሊከሰስ፣ አቤት ሊል ይችላል። ፕሮፖዛል አይጽፍም፤ ለጋሽ አይጠብቅም፤ ችግሩም የራሱ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይሉ የለ? የጎደለው ጩኸቱን በወረቀት የሚያሰፍርለት ሰው ነው። የእኛዪቱ የሕግ ተማሪ የብሎኩን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ብትይዝ፣ አቤቱታውን አርቅቃ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ብታስገባ፣ ቁጥሩን ተቀብላ በሳምንቱ «የት ደረሰ?» ብላ ብትመለስ፣ አንድ ክረምት ውስጥ አዳራሹ በዓመት የማያስተምራትን ትማራለች። መመላለሱ ራሱ ትምህርት ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሏት ቁጭ ብላ መጠበቅን የትኛውም ሥልጠና አያስተምርም።

ለሙያ እገዛም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው ያለው። የምህንድስና ተማሪዎች የኢንተርንሺፕ ጊዜ አላቸው። አንዱ መጥቶ የውኃውን ግፊት ለክቶ ለምን ፎቅ እንደማይወጣ በአንድ ገጽ ቢጽፍ፣ የእሷ አቤቱታ ከልመና ወደ ማስረጃ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ወረቀት «እናያለን» ብሎ መመለስ ለማንም ኃላፊ ይከብዳል።

ለመጪው ክረምት ኢንተርን የምትመለምሉ ድርጅቶች፣ ቲሸርቱን ተዉትና የታክሲዋን ስጧት፤ ከአዳራሹም አውጥታችሁ የምታውቀውን ሰፈር ጉዳይ አስይዟት። ይህን የማትችሉ ከሆነ ሰርተፊኬቷን ዛሬውኑ ስጧትና ለብሎኩ ኮሚቴ መልሱልን። ጸሐፊ የለውም።