ጤና አዳም ይዛችሁ ኑ

የአቃቂ ጎረቤቶቼ፣ የዕድራችን አባላት፣ በየጠዋቱ በዚያ ሰማያዊ በር አጠገብ የምታልፉ ሁሉ! ከበሩ ጀርባ ማን እንደሚውል ስንቶቻችን እናውቃለን? የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች የቀን መዋያ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ይገባሉ፣ 9 ሰዓት ይወጣሉ። ታናሽ ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነው። ከቤቱ በስተጀርባ ለዓመታት ድንጋይና የተሰባበረ ብሎኬት የተጣለበት ባዶ መሬት አለ። ሰኔ ሳይጋመስ፣ ዝናቡም ሳይጠነክር፣ ያንን መሬት የመዓዛ አትክልት ቦታ እናድርገው።

ጎመንና ቆስጣ ብንተክል አይሻልም ወይ የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱኑ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ አንድ ሲኒ ቡና ነው። የፋሲካ ሰሞን እዚያው ግቢ ቡና ተፈልቶ ከወላጆች አንዷ ጤና አዳም ይዛ መጣች። ወንድሜ 26 ዓመቱ ነው፤ የሚናገራቸው ቃላት በጣት ይቆጠራሉ። ሲኒው ሲደርሰው ቡናውን ትቶ ቅጠሏን አወጣና አሸተታት። ደግሞ አሸተታት። ከዚያ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ሸሚዝ ከሚታጠብ ልብስ መሃል ፈልጎ አወጣው፤ ኪሱን ዳብሶ የደረቀችውን ቅጠል አገኘና ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ። ስንት ዓመት በቃል ልደርስበት የደከምኩበት ወንድሜ፣ በቅጠል እሱ ራሱ ወደ እኔ መጣ።

በሶብላን ከድንብላል ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ጠጅ ሳር በእጅ ሲታሽ የሚሰጠውን ሽታ ለማወቅ መናገር አያስፈልግም። እነዚህ ልጆች ከማናችንም ሳያንሱ የሚያውቁት ነገር ይኸው አለ፤ የጎደላቸው ቦታው ነው።

እኛም ጎድሎናል። በየደጃፋችን የነበረው ጤና አዳም ወዴት ሄደ? ግቢው ሲሚንቶ ሆነ፣ ግማሾቻችን ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጅ ምች ሲመታው ዳማከሴ ፍለጋ ሦስት አራት ቤት እናንኳኳለን፤ ቅቤ ልናነጥር ስንል ኮሰረት ከገበያ ነው። ይህ ቦታ ሲለማ ቡና ባፈላችሁ ቁጥር ያንን ሰማያዊ በር ታንኳኳላችሁ። ቅጠሉን ቆርጦ የሚሰጣችሁ ወንድሜ ወይም ጓደኛው ይሆናል። ከሁሉ በላይ የምመኘው ይህንን ነው፤ እስከ ዛሬ ተረጂ ብቻ ሆነው የታዩ ልጆች ለጎረቤት ሰጪ ሲሆኑ ማየት።

ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የኦቲዝም ማዕከል ስትከፍት እንዲህ ያሉ ልጆች በብዙ ቤት ከሰው ዓይን ተደብቀው ያድጉ ነበር። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። የእኛም ልጆች ከጓዳ ወጥተው እስከ ቀን መዋያው ደርሰዋል። ከመዋያው እስከ መንገዱ ያለችውን ሃያ እርምጃ ግን እኛ ነን የምንጨርሳት።

ስለ ሥራው ልንገራችሁ። የአቃቂ አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ በዚያው በተጣለው ብሎኬት ከፍ ያሉ መደቦች እንሠራለን። ከፍታቸው 70 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዳቸው 60 ይሁን፤ በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው ከአንድ ወገን ሆኖ እጁ እንዲደርስ። በመሃላቸው ያለው መንገድ ከ1 ሜትር ከ20 እንዳይጠብ። ጤና አዳም ከኋላ ይተከል፤ ፈሳሹ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፤ የሚቆረጠው በጓንት ነው። በሶብላ፣ ናና፣ ጠጅ ሳርና የጥብስ ቅጠል ከፊት፣ እንደ ልብ በሚነካበት ይሁኑ። ጦስኝ ደጋ ይወዳል ትሉኝ ይሆናል። አውቃለሁ፤ ግን እንሞክረው።

ግንበኞች፣ ውሃ ልካችሁን ይዛችሁ ኑ። ከብት ያላችሁ፣ የከረመ ፍግ በጆንያ። ዕድራችን ሆይ፣ ድንኳንና ወንበር አውጣልን። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ አንድ ቁራጭ፣ አንድ ግንጣይ ወይም አንድ እፍኝ ዘር ያምጣ። ጠጅ ሳር ያላችሁ ከሥሩ ከፍላችሁ ስጡን፤ ለእናንተ አይጎድልም።

አደራ የምላችሁ አለ፤ ሥራውን ከልጆቹ እጅ አትንጠቁ። አንዷ ልጅ ውሃ ስታጠጣ ለአንድ ችግኝ ሦስት ጣሳ ቆጥራ ታፈሳለች፤ ሦስተኛው ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች። ቀስ ትላለች። ጠብቋት።

የአትክልት ቦታ የሚሞተው በክረምት አይደለም፤ ከጥቅምት በኋላ፣ ሁሉም ሲረሳው ነው። የጣሪያውን ውሃ የምናጠራቅምበት ሮቶ ያስፈልገናል፤ እሱ ሲያልቅ ደግሞ በጄሪካን የሚያመላልስ ሰው። ስለዚህ ለሥራው ስትመጡ በሳምንት አንድ ቀን የምትሰጡንን ሰዓት አስባችሁ ኑ፤ በር ላይ መዝገብ ይኖራል።

የፊታችን ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። ልጆቹም ይኖራሉ። ዶማና አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው እጁን። ቡናውን እኛ እናፈላለን።