የምንሰክነው ማን ዘንድ ነው?



ስለ ትዳር ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሳው መህሩን፣ የሰርጉን ወጪና የቤት ኪራዩን ነው። እነዚህ ሁሉ ሊታሰብባቸው ይገባል። ቁርኣን ግን የትዳርን ዓላማ ሲነግረን ነገሩን ከሌላ በኩል ይጀምራል። በሱረቱ አር-ሩም 21ኛው አንቀጽ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ከራሳችን ጥንዶችን የፈጠረልን ከነርሱ ዘንድ እንድንረጋ መሆኑን፣ በመካከላችንም ፍቅርና እዝነትን እንዳደረገ እንማራለን። እዚያ የገባው የዐረብኛ ቃል «ሰከነ» ከምንለው አማርኛችን ጋር በድምፅም በትርጉምም ይቀራረባል። የደፈረሰ ውሃ በማማሰል አይጠራም፤ የሚሰክነው ጥቂት ሲያቆዩት ነው። የሰው ልብም እንዲሁ ነው።

ለዚህ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት የበለጠ ምሳሌ የለንም። እ.ኤ.አ. በ610 የመጀመሪያው ወሕይ ወርዶላቸው ከሒራእ ዋሻ ሲመለሱ ልባቸው ይርድ ነበር። የሄዱት ወደ እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ነው። እንዲሸፍኗቸው ጠየቁ፤ ፍርሃቱ እስኪለቃቸውም ተሸፍነው ቆዩ። ከዚያ የሆነውን ነገሯት።

ቅደም ተከተሉን እናስተውል። መሸፈኑ ቀደመ፣ ማዳመጡ ቀጠለ፣ ንግግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ንግግሯም ባዶ ማጽናኛ አልነበረም። ዝምድናን መቀጠላቸውን፣ የደካማውን ሸክም መሸከማቸውን፣ እንግዳን ማክበራቸውን ጠቅሳ፣ አላህ እንደማያዋርዳቸው አረጋገጠችላቸው። ቀጥሎም የቀደሙትን መጻሕፍት ወደሚያውቀው ወደ አጎቷ ልጅ፣ ወደ ወረቃ ኢብን ነውፈል ወሰደቻቸው።

ሃያ አምስት ዓመት ያህል አብረው ኖረው ኸዲጃ (ረ.ዐ.) እ.ኤ.አ. በ619 ገደማ አረፈች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚያ በኋላም በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ሥጋ ይልኩ ነበር። የእህቷን የሃላን ድምፅ ከደጅ ሲሰሙም የርሷን አስታውሷቸው ልባቸው ተነካ።

አሁን ወደየቤታችን እንመለስ። ባል ደክሞት ሲገባ፣ ሚስትም ከልጆች ጋር ስትታገል ውላ ስታመሽ፣ የመጀመሪያው ቃላችን ምንድን ነው? የጎደለው ወጪ ወይስ «እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ዋልሽ»? ወይስ እያንዳንዳችን ስልካችንን ይዘን ጎን ለጎን ተቀምጠን ተራርቀናል? ጂዳና ዱባይ ላሉ ቤተሰቦቻችንስ ስንደውል ከ«ብሩ ደርሷል» አልፈን «ደህና ተኝተሻል? የሚያስጨንቅሽ አለ?» እንላለን? በመካከላችን ባሕር ቢኖርም የሚያዳምጥ ጆሮ ያሳርፋል።

መስከን ማለት ግን በደልን ዝም ብሎ መሸከም አይደለም። በዱላና በስድብ በሚኖር ቤት ውስጥ እርጋታ የለም፤ አንቀጹ ፍቅርንና እዝነትን አብሮ ያነሳው ለዚህም ይመስለናል።

ለትዳር የምትዘጋጁ ወጣቶችም ከመልክና ከንብረት ጋር ይህን ጠይቁ፦ በፈራሁ ቀን ወደዚህ ሰው መሄድ እችላለሁ? እርሱስ ወደ እኔ?

ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ስልኩን አስቀምጠን፣ ሻዩ እስኪያልቅ ብቻ እንኳ፣ አጠገባችን ያለውን ሰው ሳናቋርጥ እናዳምጥ።

አላህ ቤቶቻችንን የእርጋታና የእዝነት ቤቶች ያድርግልን። ኣሚን።