ስለ ሩቅ ማያ መነጽር መስተካከል

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በላይኛው ሰፈር በሼቻ የሚኖር ሰው በደጁ ሲቆም ዐባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለው ከፍተኛ ምድር፣ ከዚያም ወዲያ የነጭ ሣር ፓርክና የአማሮ ተራሮች ፊት ለፊት ይጠብቁታልና የሩቅ ማያ መነጽር ቢመኝ አይፈረድበትም። በእኛም ቤት ዛሬ ባይኖኩላር የሚባለው ባለ ሁለት ዓይን መነጽር አንድ አለ፤ ወደ ማታም ቤተ ሰቡ በየተራው ያይበታል።

ታናሺቱ ልጃችን በዚህ መነጽር ባየች ቍጥር ራሷን እንደሚያማት ትነግረን ጀመር። እኛም አስቀድመን ነገሩን ሰበብ አድርገን ቈጥረን ገሠጽናት፤ ኋላ ግን ዓይኗ ታሞ እንዳይሆን ፈርተን ወደ ሐኪም ወሰድናት። ሐኪሙም መርምሮ ዓይኗ ደኅና መሆኑን አስረዳን። እንግዲህ የቀረው ተከሳሽ መነጽሩ ብቻ ነበረ። ነገሩን ስንመረምርም ባለፈው ክረምት ከመስኮት ላይ ወድቆ እንደ ነበረ፣ የጣልነውም እኛው ራሳችን እንደ ሆንን ትዝ አለን።

በእንዲህ ያለው መነጽር በየቱቦው ውስጥ ፕሪዝም የሚባሉ ብርጭቆዎች አሉ፤ ሥራቸውም ተገልብጦ የሚመጣውን ምስል ማቃናት ነው። ይህን ብልሃት ኢጣሊያዊው ኢኛሲዮ ፖሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1854 ዓመት አወጣ፤ በጀርመን አገር በዬና ከተማ ኤርንስት አቤ በካርል ዛይስ ፋብሪካ ሠርቶ ለገበያ ያበቃው ግን በ1894፣ ማለት ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት አስቀድሞ ነው። ፕሪዝሙ ከመቀመጫው የጠጕር ያህል ቢነቃነቅ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከታቸው ይቀራል።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር ቃላቸው የማይገጥም ሁለት ምስክሮች ብዙ ጊዜ አይተናል። ዳኛው ልዩነቱን በመዝገብ ያስጽፋል፤ አእምሯችን ግን ልዩነቱን ሸሽጎ ዓይኖችን በግድ እየጐተተ ያስታርቃቸዋል፤ ባለቤቱም የሚያውቀው በራሱ ሕመም ብቻ ነው። ዓይኖች ወደ አፍንጫ መዞር አይቸግራቸውም፤ መጽሐፍ ባነበብን ቍጥር የምናደርገው ነውና። ወደ ውጭ መለያየት፣ ወይም አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ማየት ግን እጅግ ጥቂት ካልሆነ አይሆንላቸውም። ስለዚህ የከፍታ ስሕተት ትንሽ እንኳ ብትሆን ከሁሉ የምትከፋ ናት።

ምርመራው ገንዘብ አያስወጣም። ቀትር ላይ የቈላው አየር በሙቀት ይንቀጠቀጣልና በማለዳ መነሣት ይገባል። መነጽሩን በአጥር ግንብ ላይ፣ እህል ባለበት ከረጢት አስደግፎ ማስቀመጥ፤ ለዓይኖቹ ስፋት ማጠፍ፤ የግራውን ዓይን በመካከለኛው መዘውር፣ የቀኙን በራሱ ቀለበት ማጥራት ነው። ከዚያም ከአንድ ኪሎ ሜትር የማያንስ ሩቅ ነገር፣ የጣራ ጫፍ ወይም የዐባያን ማዶ ዳር መርጦ፣ ራስን ከመነጽሩ ቀስ እያሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ማራቅ። ያን ጊዜ ሁለት ትናንሽ ክቦች ለየብቻቸው ይታያሉ፤ የውሃው ዳር መስመር ሁለቱንም በአንድ ከፍታ ማቋረጥ አለበት። እንደ ደረጃ ከተሰበረ መነጽሩ ታሟል። ነገር ግን መነጽሩ ራሱ ወደ ጐን ካዘነበለ ሐሰተኛ ደረጃ ያሳያልና አስቀድሞ ውሃ ልኩን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ፈተና በባርኔጣ ነው። ከፊት ያለውን አንዱን መስተዋት ከድኖ በሌላው እያዩ እስከ ዐሥር መቍጠር፣ ከዚያም ባርኔጣውን ድንገት ማንሣት። አንዱ ምስል ሁለት ሆኖ ታይቶ ወዲያው ተንሸራቶ ቢገናኝ፣ ዓይኖች የማይገባቸውን ሸክም እየተሸከሙ ነው። ሌሊትም አንዱን ወገን አደብዝዞ ደማቅ ኮከብ መመልከት ነው፤ በጠራው ወገን ያለችው ነጥብ በደበዘዘው ክብ መካከል መቀመጥ አለባት። ወደ ፀሐይ ግን ከቶ ማዞር አይገባም፤ ዓይን ያጠፋል።

የእኛን በፈተንነው ጊዜ መስመሩ ገጥሞ ታየንና ተደነቅን። ኋላ ግን መነጽሩን በልጃችን ዓይን ስፋት ልክ አጥፈን ደግመን ብናየው መስመሩ ተሰብሮ ተገኘ። ይኸውም ቱቦዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫ ከማጠፊያው ዘንግ ጋር ስላልተስማማ፣ በታጠፈ ቍጥር ስሕተቱ ይለዋወጣል ማለት ነው። ለአባት ደኅና የሆነው ለልጅ የታመመው ስለዚህ ነው። በአንድ መነጽር የሚገለገል ቤተ ሰብ ሁሉ በእያንዳንዱ ሰው ስፋት ይፈትን፤ ያገለገለ መነጽር የሚገዛም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲሁ ያድርግ።

ከልባሱ ሥር ፕሪዝሙን የሚያዘነብሉ ትናንሽ ብሎኖች ያሉባቸው መነጽሮች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ያለ መሣሪያ የነካቸው ሰው አንዱን ስሕተት ሁለት ያደርገዋል። ውሃ እንዳያስገባ የተዘጋውም መነጽር ቢከፈት በውስጡ የተሞላው ናይትሮጅን ይወጣና፣ ወደ ጨንቻ ብርድ ሲወጡ ከውስጥ ጉም ይለብሳል። ስለዚህ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው እንልከዋለን።

እስከዚያ ልጃችን በቀኙ ቱቦ ብቻ ታይበታለች፤ የግራውን ክዳን ዘግተንላታል። ስለ ተግሣጹም ይቅርታ ጠይቀናታል።