ወጪቱ የማን ነው?

«የመንግሥት ሚዲያ ለምን መንግሥትን አይጠይቅም?» ሲባል ብዙው ሰው ጉዳዩን በአንድ አባባል ይዘጋዋል፤ የበላበትን ወጪት ማን ይሰብራል? ለኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የሚመደበው በጀት ግን የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው። ወጪቱ የሕዝብ ከሆነ፣ ባለሥልጣንን አፋጥጦ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ማንንም አልከዳም።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ሆኖ ይመራ ዘንድ ያዛል። ኮርፖሬሽኑም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱን አንድ ፓርቲ ሲሞላው ግን ተጠሪነቱ ዞሮ ዞሮ ገዢው ፓርቲ ደጅ ይደርሳል።

«እንግዲያው በማስታወቂያ ይደር» የሚሉ አሉ። የአርብቶ አደሩን ቀበሌ አድማጭ ብሎ ገንዘቡን የሚያፈስ ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ከትልልቆቹ አስተዋዋቂዎች መካከልም የመንግሥት ባንክና ቴሌኮም አሉበት። ከቴሌቪዥን ባለቤቶች የሚሰበሰብ ክፍያም ብቻውን አያዘልቅም። ስለዚህ በጀቱ የማይቀር ነው። ዋናው ጥያቄ መጠኑን ማን ይወስናል፣ ማንስ ሊነፍግ ይችላል የሚለው ነው።

አሜሪካ ለሕዝብ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽኗ ገንዘቡን ሁለት ዓመት ቀድማ ትመድብ የነበረው ፖለቲከኞች እንዳያስፈራሩት ብላ ነበር። ኮንግረሱ ግን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የመደበውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል መልሶ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ኮርፖሬሽንም በሳምንታት ውስጥ ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በጀርመን እያንዳንዱ ቤተሰብ በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል፤ የጣቢያዎቹን ፍላጎት የሚመረምረውም ገለልተኛ የባለሙያዎች ኮሚሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሳክሰን አንሃልት የተባለው ክልል ኮሚሽኑ ያቀረበውን የ86 ሳንቲም ጭማሪ ቢያግድ፣ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት በ2021 ጭማሪው እንዲጸና ወሰነ። ልዩነቱን ያመጣው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ከፖለቲከኛው በላይ ዳኛ መኖሩ ነው።

እኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው፦ የኮርፖሬሽኑን ወጪ ለበርካታ ዓመታት አስልቶ የሚያቀርብ ገለልተኛ አካል፣ ምክር ቤቱ ያለ በቂና ይፋ ምክንያት ቁጥሩን እንዳይነካ የሚያስገድድ ሕግ፣ የፓርቲ አባል የማይቀመጥበት ቦርድ፣ በየዓመቱ ለሕዝብ የሚገለጥ ሒሳብ።

ገዢው ፓርቲ ይህን ለተቃዋሚ የሚሰጥ ችሮታ አድርጎ አይየው። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የመንግሥቱ ጣቢያ ኢቲቪ በሽብር የተከሰሱ ሰዎችን የሚወነጅለውን «አኬልዳማ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሲያሳይ ተከሳሾቹ ገና ፍርድ አላገኙም ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ ይገዛ የነበረው ሥርዓት ሹማምንት የነበሩ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊዎች ዳኛ ፊት ቀርበው ሳይከራከሩ በዚያው ጣቢያ ዘጋቢ ፊልም ተሠራባቸው። የዛሬ ባለሥልጣናትም ነገ ከወንበሩ ሲነሡ ቃላቸውን የሚሰማ ጣቢያ ይሻሉ፤ ሕጉን ማውጣት የሚችሉት ግን ዛሬ ነው።